ከ18-55 ቀጥሎ ምን ይገዛ? ሃምሳው፣ ሃያ አራቱ፣ 55-250 ወይስ ፍላሽ

ከካሜራው ጋር አብሮ በመጣው 18-55 ሌንስ አንድ ዓመት ያህል የሠራ ሰው «አሁን ምን ልግዛ?» ማለቱ አይቀርም። የሚሰማው መልስም አንድ ዓይነት ነው፤ «ሃምሳውን ግዛ፣ ርካሽ ነው፣ ጀርባውን ያደበዝዝልሃል» ይሉታል። ሃምሳው (ዙም የሌለው 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ) ግሩም ሌንስ ነው። ነገር ግን ቤቱ ጠባብ የሆነበት ሰው ገዝቶት ወር ሳይሞላው ቦርሳ ውስጥ ይረሳዋል። ስለዚህ አራቱን ምርጫዎች፣ ሃምሳውን፣ ሰፋ አድርጎ የሚያሳየውን ሃያ አራቱን (ለኒኮን ሠላሳ አምስቱን)፣ ሩቁን የሚያቀርበውን 55-250ን እና ፍላሽን፣ ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ንጽጽሩ የካኖን 600ዲ፣ 700ዲ፣ 1300ዲ እና 2000ዲ፣ እንዲሁም የኒኮን ዲ3000 እና ዲ5000 ቤተሰብ ላላቸው ነው።

ገንዘብ ከማውጣት በፊት

ግዢውን የሚወስኑት የተበላሹት ፎቶዎች ናቸው። ካነሳችኋቸው የመጨረሻ 200 ፎቶዎች ውስጥ ያልወደዳችኋቸውን ለዩና ኮምፒውተር ላይ መቶ በመቶ አጉልታችሁ እዩ። ብዥታ ሁሉ አንድ አይደለም።

ቡና ሲቀዳ የተነሳ ፎቶ ውሰዱ። ረከቦቱም፣ ግድግዳውም፣ ሰውም ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ከተሳበ የተንቀሳቀሰው የእናንተ እጅ ነው። ረከቦቱና ሲኒዎቹ ጥርት ብለው ጀበናውን የያዘችው እጅ ብቻ ከፈሰሰች ደግሞ የተንቀሳቀሰችው ቀጂዋ ናት። ይህን ሁለተኛውን፣ አይኤስ የሚባለው የእጅ ንዝረት ማስታገሻ ፈጽሞ አያድነውም። የሚያድነው ፈጣን ሹተር፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበት ጊዜ ማጠሩ ነው፤ ፈጣን ሹተር ደግሞ ብዙ ብርሃን ይፈልጋል፤ ማለትም ሰፊ አፐርቸር (የሌንሱ የብርሃን መግቢያ ቀዳዳ፤ የኤፍ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ይሰፋል) ወይም ፍላሽ። ከኋላዋ ያለው መጋረጃ ጥርት ብሎ ፊቷ ከደበዘዘ ፎከሱ ስቷል ማለት ነው። ይህን የትኛውም ሌንስ አያስተካክለውም፤ እንዲያውም ኤፍ 1.8 ያባብሰዋል። ሁሉም ጥርት ብሎ ሰውየው ግን የጉንዳን ያህል ከሆነ የጎደለው የሌንስ ርዝመት ነው።

ቀጥሎ ነፃ ሙከራ አድርጉ። የ18-55ቱን የዙም ቀለበት 24 ላይ አድርጋችሁ በፕላስተር እሰሩትና አንድ ሳምንት በዚያ ብቻ አንሱ። በሁለተኛው ሳምንት 35 ላይ፣ በሦስተኛው እስከ መጨረሻው 55 ላይ እሰሩት። 55 ከሃምሳው ብዙም አይርቅም። በየትኛው ሳምንት «ወደ ኋላ መሄጃ አጣሁ» እንዳላችሁና በየትኛው ፎቶዎቹ እንዳማሩ ጻፉ። ይህን ያደረገ ሰው የሌላ ሰው ምክር ብዙም አያስፈልገውም።

ለጊዜው ግን ቁጥሮቹ እነሆ። «ሙሉ ሰው» የምንለው ካሜራው በቁመቱ ተይዞ፣ የቆመ ሰው ከእግር እስከ ራስ ትንሽ ትርፍ ቦታ ኖሮት ሲገባ ነው።

| ሌንስ | ክብደት | የሚይዘው ቅርብ ርቀት | ለሙሉ ሰው የሚፈልገው ርቀት |
|---|---|---|---|
| ካኖን 24 ኤፍ 2.8 ኤስቲኤም | 125 ግራም | 16 ሴ.ሜ. | 2.2 ሜትር |
| ኒኮን ዲኤክስ 35 ኤፍ 1.8ጂ | 200 ግራም | 30 ሴ.ሜ. | 3 ሜትር |
| ካኖን 50 ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም | 160 ግራም | 35 ሴ.ሜ. | 4.5 ሜትር |
| ካኖን 55-250 አይኤስ ኤስቲኤም | 375 ግራም | 85 ሴ.ሜ. | 55 ላይ 5 ሜትር |

ሃምሳው

ሠንጠረዡ ላይ ያለውን 4.5 ሜትር ልብ በሉ። 3 በ4 በሆነ ሳሎን ጀርባችሁን ግድግዳ ላይ ብትለጥፉም የቆመ ሰው በሙሉ አይገባላችሁም። በእነዚህ ካሜራዎች ላይ የምስል መያዣው ትንሽ ስለሆነ ሃምሳው ሌንስ በፊልም ካሜራ ላይ 80 ገደማ የሆነ ሌንስ የሚያሳየውን ያህል ብቻ ነው የሚያሳየው። ከወገብ በላይ ለሚነሳ አንድ ሰው ግን 2.3 ሜትር ያህል ይበቃዋል፤ ሃምሳው ቤቱ ያለው እዚያ ነው።

ብርሃን በመሰብሰብ በኩል 18-55ቱ አይደርስበትም። 18-55ቱ 50 አካባቢ ሲደርስ ኤፍ 5.6 ይሆናል። ሃምሳው ኤፍ 1.8 ላይ ከዚያ አሥር እጥፍ ገደማ ብርሃን ያስገባል። 1/15 ሰከንድ ይፈልግ የነበረ ትዕይንት በ1/125 ይነሳል ማለት ነው፤ የምትቀዳዋ እጅም ትቆማለች።

ዕዳውም አለ። ሰውየው 1.5 ሜትር ርቆ ከተቀመጠ ኤፍ 1.8 ላይ ጥርት የሚለው ውፍረት 6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ከዓይኑ 3 ወደፊት፣ 3 ወደ ኋላ። ፎከስ ይዛችሁ ሹተሩን እስክትጫኑ ሰውየው በሳቅ ትንሽ ወደፊት ካለ ዓይኑ ከዚያ ወጣ። ስለዚህ አዲስ ገዢ መጀመር ያለበት ከኤፍ 2.8 ነው፤ ውፍረቱ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ያድጋል፣ ጀርባውም አሁንም ይደበዝዛል። መደወያውን ኤም (ሹተሩንና አፐርቸሩን ራሳችሁ የምትመርጡበት) ላይ አድርጉ፤ 1/125፣ ኤፍ 2.8፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) አውቶ ሆኖ ጣሪያው 3200። የፎከስ ነጥቡን ካሜራው እንዲመርጥ አትፍቀዱለት፤ ወደ እናንተ የቀረበው ዓይን ላይ የሚያርፈውን ነጥብ ራሳችሁ ምረጡ። ካሜራው ከመረጠ ለእሱ የሚቀርበውን ይይዛል፤ ያም ብዙ ጊዜ አፍንጫ ነው።

የሚነሳውን ሰው ከበሩ አንድ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ አስቀምጡት፤ ፀሐዩ በቀጥታ የማያርፍበት ቦታ ይሁን። ፊቱን በግማሽ ወደ በሩ ያዙር። የጓዳውን አምፖል አጥፉ፤ ካልጠፋ አንዱ ጉንጭ ቢጫ፣ ሌላው ሰማያዊ ይሆናል።

ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት የካኖን ሃምሳ አለ። ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሸጠው አሮጌው 130 ግራም ነው፤ ካሜራው ላይ የሚገጥምበት አንገቱ ፕላስቲክ ነው፣ ከ45 ሴንቲ ሜትር በታች አይቀርብም። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው አንገቱ ብረት ሆኖ ፊቱ ላይ «ኤስቲኤም» የሚሉት ፊደላት አሉበት። አሮጌው ሲወድቅ ፊተኛው ክፍል ከአካሉ ተላቆ የሚወጣበት ጊዜ አለ፤ ጨለም ባለ ቤትም ፎከሱ ወዲያ ወዲህ ይንከራተታል። የዋጋ ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ አዲሱን ውሰዱ።

የኒኮን ባለቤቶች ከዚህ የከፋ ወጥመድ አለባቸው። 50 ኤፍ 1.8ዲ የሚባለው ውስጡ ሞተር የለውም፤ በዲ3000 እና በዲ5000 ቤተሰብ ካሜራዎች ላይ ራሱ ፎከስ አያደርግም። የሚያስፈልጋችሁ «ኤኤፍ-ኤስ» የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ መጨረሻው «ጂ» የሆነው ነው። ሻጩ «ያው ነው» ቢላችሁ ካሜራችሁ ላይ ገጥማችሁ ሹተሩን በግማሽ ተጫኑ፤ ካልተንቀሳቀሰ መልሱለት።

ሃያ አራቱና ሠላሳ አምስቱ

ኒኮን ያለው ሰው እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው። 35 ኤፍ 1.8ጂ ከሃምሳው የብርሃን ጥቅም ሳይቀንስ 3 ሜትር ላይ ሙሉ ሰው ያስገባል። ለኒኮን ከ18-55 ቀጥሎ አንድ ሌንስ ብቻ ይገዛ ከተባለ ይህን እንመርጣለን።

ለካኖኑ 24 ኤፍ 2.8 እንዲህ ብሎ መናገር ይከብዳል። ትንሽ ነው፤ ካሜራው ላይ ሲገጠም ኪስ የሚገባ ይመስላል፤ 16 ሴንቲ ሜትር ድረስ ስለሚቀርብ ለምግብና ለእጅ ሥራ ፎቶ ደስ ይላል፤ መንገድ ላይም የሰው ዓይን አይስብም። ነገር ግን 18-55ቱ 24 ላይ ሲሆን ኤፍ 4 ገደማ ነው፤ ሃያ አራቱ የሚጨምረው የብርሃኑን እጥፍ ብቻ ነው፤ አይኤስም የለውም። ችግራችሁ የጨለመ ሳሎን ከሆነ ሃያ አራቱ አይፈታውም። ለዚያ ፍላሽ አለ።

ፍላሽ

ከአራቱ ምርጫዎች ሰዎች በመጨረሻ የሚያስቡት፣ ለቤተሰብ ፎቶ ግን በመጀመሪያ መገዛት ያለበት ይኸው ነው። ብዙዎች የሚጠሉት ካሜራው ላይ ያለውን ትንሹን ፍላሽ ነው፤ ግንባር ያብረቀርቃል፣ ግድግዳው ላይ ጥቁር ጥላ ይለጥፋል። ካሜራው አናት ላይ የሚሰካው፣ ጭንቅላቱ የሚዞረው ፍላሽ ግን ወደ ኮርኒሱ ሲያቀና ኮርኒሱ በሙሉ መብራት ይሆናል፤ ብርሃኑም ከላይ ለስላሳ ሆኖ ይወርዳል።

እንደ ዮንግኑዎ 560 ያለ በእጅ የሚስተካከል ፍላሽ ካላችሁ መነሻው ይህ ነው፤ ኤም፣ 1/125፣ ኤፍ 5.6፣ አይኤስኦ 800፣ የፍላሹ ኃይል 1/8። ጭንቅላቱን ወደ ላይ 75 ዲግሪ ያህል አቅኑት። ፎቶው ከጨለመ ወደ 1/4፣ ከነጣ ወደ 1/16። ሹተሩን ከ1/200 አታሳልፉ፤ ካሳለፋችሁት ከፎቶው አንዱ ጎን ጥቁር ጭረት ይመጣል። በ18-55ቱ ኤፍ 5.6 ላይ ስለምትሠሩ ሁለት ረድፍ ዘመድ ያለምንም ጭንቀት ጥርት ይላል፤ ሃምሳው በኤፍ 1.8 ይህን አያደርግም።

የሚያበላሸውም አለ። ኮርኒሱ ወይም ግድግዳው አረንጓዴ ቀለም ከተቀባ ሰዉ ሁሉ አረንጓዴ ይሆናል። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ከሆነ ብርሃኑ ወጥቶ አይመለስም፤ ከጎናችሁ ባለው ግድግዳ ላይ ነጭ አንሶላ ወጥሩና ፍላሹን ወደ እሱ አዙሩ። ባትሪው ከሱቅ የሚገዛው ርካሹ ድንጋይ ከሆነ ጥቂት ካነሳችሁ በኋላ ለመሙላት ብዙ ሰከንድ ያስጠብቃችኋል፤ አራት ቻርጅ የሚደረጉ ባትሪዎች ከነመለዋወጫቸው ከፍላሹ ጋር አንድ ላይ ይገዙ።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። በካኖን 4000ዲ፣ በ250ዲ እና በብዙዎቹ 2000ዲ ካሜራዎች ላይ ፍላሽ የሚሰካበት ቦታ መካከለኛው ክብ ነጥብ የለም። እንደ 560 ያሉት ፍላሾች ካሜራው ላይ ሲሰኩ ትእዛዝ የሚቀበሉት በዚያች ነጥብ ብቻ ስለሆነ እዚያ ላይ አይበሩም። ከመግዛታችሁ በፊት የካሜራችሁን አናት ተመልከቱ፤ ነጥቧ ከሌለች ለካኖን የተሠራ አውቶ ፍላሽ ፈልጉ።

55-250

ይህ ለበዓልና ለአእዋፍ ነው። ጃን ሜዳ ከሕዝቡ ኋላ ቆማችሁ የአንድን ካህን ፊትና ጥላ ለይታችሁ ማውጣት ከፈለጋችሁ ሌላ መንገድ የለም። ሐዋሳ አሞራ ገደል ላይ አባ ኮዳዎቹ ሰው አጠገብ ስለሚቆሙ 18-55ቱ ይበቃል፤ 30 ሜትር ርቆ ዛፍ ላይ የተቀመጠ ዓሣ አዳኝ ንስር ግን 250 ላይም ቢሆን የፎቶውን ስፋት ሩብ አይሞላም። መቅረብን የሚተካ ሌንስ የለም።

ለቆመ ነገር አይኤስ እስከ 1/60 ያወርዳችኋል። ለሚሮጥ ኳስ ተጫዋች ቢያንስ 1/500 ያስፈልጋል፤ 250 ላይ አፐርቸሩ ኤፍ 5.6 ስለሆነ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ አይኤስኦ ከፍ ማለቱ ግድ ነው። ዋጋው ረከሰ ብላችሁ ካኖን 75-300ን አትውሰዱ፤ አይኤስ የለውም፣ 300 ላይም ምስሉ ይፈዝዛል።

አቧራ ባለበት ሜዳ ሌንስ አትቀይሩ። ግድ ከሆነ ካሜራውን አጥፉ፣ አፉን ወደ መሬት አድርጉ፣ ሌላውን ሌንስ ክዳኑን ከፍታችሁ በእጃችሁ ይዛችሁ ጠብቁ።

ጥምቀት ላይ ከሌንሱ ይልቅ የሚያበላሸው ነጩ ነጠላ ነው። ካሜራው ነጭ ሲበዛበት ያጨልማል፤ ነጠላው ግራጫ፣ ፊቱ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። የብርሃን ማካካሻውን ወደ +2/3 አድርጉና ያነሳችሁትን በስክሪኑ አጉሉ። የጥለቱ ክር አንድ በአንድ መታየት አለበት፤ ነጩ ወረቀት ከመሰለ ወደ +1/3 መልሱ። ከተቻለ በከተራ ዕለት ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ አንሱ፤ የቀትሩ ፀሐይ ዓይንን በጥላ ጉድጓድ ውስጥ ይቀብረዋል።

ትራይፖድ ለጨረቃ፣ ለማታ ከተማና ራሳችሁን ለማንሳት ካልሆነ ከእነዚህ አራቱ በኋላ ይምጣ። ሰው ሲንቀሳቀስ አያቆመውም።

ያገለገለ ሌንስ ስትገዙ

ሁለቱንም ክዳኖች አውጡና የስልክ መብራት ከኋላ አብርታችሁ ከፊት በኩል እዩ። ጥቂት የአቧራ ቅንጣት ምንም አይደለም። የሸረሪት ድር ወይም የሣር ሥር የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፤ ዋጋው ቢቀነስም ተዉት። ፊልተር የሚታሰርበት ጠርዝ ከተጨረመተ ወድቋል።

ከዚያ ጋዜጣ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ፣ በሰያፍ ከአንድ ሜትር ርቀት አንድ ርዕስ ላይ ፎከስ አድርጋችሁ በሌንሱ ሰፊ አፐርቸር አሥር ጊዜ አንሱ። በየመካከሉ ፎከሱን ወደ ሩቅ ነገር አበላሹት። አሥሩም ላይ ጥርት ያለው መስመር ከርዕሱ በላይ ወይም በታች ከሆነ በስክሪኑ፣ ማለትም በላይቭ ቪው፣ ደግማችሁ ሞክሩ። በላይቭ ቪው ርዕሱ ላይ በትክክል ካረፈ ሌንሱና የካሜራችሁ ፎከስ አልተስማሙም፤ እነዚህ ርካሽ ካሜራዎች ደግሞ ይህን የሚያስተካክሉበት ቅንብር የላቸውም። ሻጩ ሌላ ተመሳሳይ ሌንስ ካለው እሱን ሞክሩ።

ዘመድ ከአሜሪካ የሚያመጣላችሁ ካሜራ ከሆነ ስለ ቻርጀሩ አትጨነቁ፤ ጀርባው ላይ «100-240» የሚል ካለ የእኛን 220 ይችላል፤ የሚለወጠው የሶኬቱ መሰኪያ ብቻ ነው።