ሳየን ኤፍአር-ኤስ 2013፦ ያገለገለ የስፖርት መኪና ከወራት አገልግሎት በኋላ

ሳየን ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ ለወጣት ገዢ ብሎ ያቋቋመው ብራንድ ነበር። ብራንዱ በ2016 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሲዘጋ ኤፍአር-ኤስ ከ2017 ሞዴል ጀምሮ ቶዮታ 86 ተባለ። ሱባሩ ቢአርዚም ከፊት ፓራውልቱና ከእግሩ ሞላ ጥንካሬ በቀር ያው መኪና ነው፤ ሁሉንም የሚገጣጥመው ጃፓን፣ ጉንማ ያለው የሱባሩ ፋብሪካ ነው። ይህን ማስቀደም ያስፈለገው የእኛ ሰው “ቶዮታ ነው” ሲባል ኮፈኑን ሳይከፍት ቀብድ ስለሚሰጥ ነው። እዚህ ኮፈን ስር ያለው ግን ኮሮላ ላይ የለመድነው ሞተር አይደለም። ፒስተኖቹ ግራና ቀኝ ተኝተው የሚሠሩ ባለ 2 ሊትር የሱባሩ ቦክሰር ነው፤ ቶዮታ የጨመረበት ነዳጁን በሁለት መንገድ፣ ቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥም ከቫልቩ በፊትም የሚረጨውን ሲስተም ነው። ይህ ሁለት ዓይነት መርጫ ቫልቮቹን ከካርቦን ክምችት ስለሚጠብቅ በቀጥታ ብቻ ከሚረጩት ሞተሮች ይሻላል። ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰውም ካቴና (የብረት ሰንሰለት) እንጂ ቺንጋ አይደለም።

ግምገማው ማንዋል ካምቢዮ ባለው፣ በሰሜን ቨርጂኒያ የዕለት መመላለሻ ሆኖ በሙቀትም በበረዶም በተነዳ መኪና ላይ ነው።

ፍጥነት ፈልጎ የሚገዛው ያዝናል። ጉልበቱ 200 የፈረስ ጉልበት ነው፣ እሱም ሞተሩ በደቂቃ 7,000 ዙር ላይ ሲደርስ። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ቪ6 ካምሪ ጥሎት ይሄዳል። ከ3,500 እስከ 4,500 ዙር ባለው መሃል ጉልበቱ እንደ መክዳት ይላል፤ አውራ ጎዳና ላይ ለመቅደም ሲፈለግ ማርሽ መቀነስ ግድ ነው። የመኪናው ዋጋ ያለው መሪው ላይ ነው። ክብደቱ 1,250 ኪሎ ገደማ፣ ሞተሩ ዝቅ ብሎ ወደ ኋላ የተቀመጠ፣ የሚነዳው በኋላ እግር ነው፤ በ60 ኪሎሜትርም ኩርባ ላይ ያስደስታል። የ2017ቱ ማሻሻያ ማንዋሉን 205 የፈረስ ጉልበት ሰጥቶታል፣ የዲፈረንሻሉንም ሬሾ ከ4.1 ወደ 4.3 ቀይሮታል። የመሃሉ የጉልበት ክፍተት ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። 2013 ሞዴል የሚረክስበት ምክንያት አለው። በኅዳር 2018 (እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር) የ2013 ኤፍአር-ኤስና ቢአርዚ ለቫልቭ ሞላ ሪኮል (አምራቹ ጉድለት ያለበትን መኪና በነፃ ለመጠገን መልሶ ሲጠራው) ተጠሩ፤ ሞላው ሊሰበርና ሞተሩን እየሄደ ሊያጠፋው ይችላል ተብሎ። ሞላው የአምስት ብር ዕቃ ይመስላል፣ ሥራው ግን ሞተሩን ከነ ነፍሱ ከመኪናው ማውጣት ነው። የፊቱ የካቴና ክዳን ይፈታል፣ ተመልሶ ሲገጠም በጓርኒሲዮን ሳይሆን በፈሳሽ ሲሊኮን ይታሸጋል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሠራተኛው ሲሊኮኑን ካበዛው ትርፉ ወደ ውስጥ ተጨምቆ ይደርቃል፣ ይቆረጣል፣ ወደ ዘይት ቋቱ ይወርዳል፣ መጨረሻ ላይ የዘይት መሳቢያው ወንፊት ላይ ይለጠፋል። የዘይት ግፊት ይቀንሳል፣ የቢየላ ብሮንዚና ይበላል፣ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ የሚያድነው ነገር የለም፤ ሞተር መቀየር ነው፣ በብዙ ሺህ ዶላር።

ስለዚህ ሪኮሉ “ተሠርቷል” መባሉ ብቻ አይበቃም። ባለ 17 ፊደልና ቁጥሩን ቪን (የመኪናውን መለያ ቁጥር) በአሜሪካ የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ በነፃ አስገብታችሁ መዘጋት አለመዘጋቱን እዩ። ቀጥሎ የሥራ ትእዛዙን ወረቀት ጠይቁ፣ ጥገናው በስንት ማይል ላይ እንደተሠራ አንብቡ። ከጥገናው በኋላ በርካታ ሺህ ማይል ነድቶ፣ ዘይቱ በየጊዜው ተቀይሮ፣ ዛሬም ድምፁ ንጹሕ ከሆነ ከሁሉ የተሻለው ምልክት ነው። ባለፈው ወር ተሠርቶ ለገበያ የወጣውን ግን ፍሩት። ታችኛውን የዘይት ቋት አስፈትቶ ወንፊቱን ማየት ይቻላል፤ ለጥቂት ሰዓት የእጅ ዋጋ ትልቅ ዕዳ ያስቀራል። አንዳንድ ሻጭ 60 ሺህ ማይል ብቻ ነው እያለ ይኩራራል። ወረቀት የሌለው 60 ሺህ ማይል ወረቀት ካለው 110 ሺህ አይበልጥም።

ማየት የሚሄድ ሰው ለሻጩ አስቀድሞ ሞተሩን እንዳያስነሣ ይንገረው፣ ደርሶም ኮፈኑን በእጁ ይዳስስ። ቀዝቃዛ ሞተር ብዙ ይናገራል። ሚኒሞ ላይ ከነዳጅ ፓምፑ የሚመጣው እንደ ፌንጣ ጭርጭር የሚል ድምፅ የታወቀ ነው፣ ጆሮ ያሰለቻል እንጂ መኪና አያቆምም። ጭርጭርታው ከካምቢዮው በኩል ከሆነና የፍሪሲዮን ፔዳል በቀላሉ ስትነኩት የሚጠፋ ከሆነ ግን የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መኪኖች ላይ ይህ ኩሽኔታ ደካማ ነው። ዕቃው ርካሽ ነው፤ ካምቢዮውን ማውረድ ነው ገንዘቡን የሚበላው። ስለዚህ ከወረደ አይቀር ዲስኩንም ስፒንጊዲስኮውንም ሹካውንም አንድ ላይ ቀይሩ፣ ሁለት ጊዜ የእጅ ዋጋ እንዳትከፍሉ። ሁለተኛ ማርሽ በብርድ ጠዋት እንቢ ማለቱ የዚህ ካምቢዮ ጠባይ ነው። ከሞቀ በኋላም ከተንገጫገጨ ሲንክሮው (ማርሾቹን የሚያስማማው ቀለበት) አልቋል።

ከፊት ክዳኑና ከቴስታታው ጎን ዘይት ያልባል፤ ላብ ብቻ ከሆነ እየተከታተሉ መንዳት ይቻላል፣ ከተንጠባጠበ ግን ከዋጋው ይቀነስ። የኋላ መብራቶቹ ውኃ ይቋጥራሉ፣ ገመድ መሰኪያውን ነቅላችሁ ዝገት እዩ።

ከመኪናው ኮምፒውተር የብልሽት ኮድ የሚያነበውን ባለ 30 ዶላር ማንበቢያ ሳትይዙ አትሂዱ። የቼክ ኢንጂን መብራት አለመብራቱ ምንም አያረጋግጥም፤ ሻጩ ትናንት ማታ አጥፍቶት ሊሆን ይችላል። ማንበቢያው “ዝግጁ አይደለም” የሚሉ ፍተሻዎችን ካሳየ ኮዱ በቅርቡ ተሰርዟል ማለት ነው። ይህ መኪና ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አንድ ነው፦ የቀድሞው ባለቤት ካታላይዘሩን (ጭሱን የሚያጣራውን ዕቃ) አውጥቶ ባዶ ቱቦ ገጥሞበታል። ድምፁ ያምራል፣ ጉልበትም ይጨምራል፣ ነገር ግን በሰሜን ቨርጂኒያ በየሁለት ዓመቱ ያለውን የጭስ ምርመራ አያልፍም። ሜሪላንድ ደግሞ ያገለገለ መኪና በስም ሲዛወር የደኅንነት ምርመራ ይጠይቃል፣ ከመጠን በላይ ዝቅ የተደረገ መኪናም እዚያው ይያዛል።

ድሪፍት (የኋላ ጎማውን ሆን ተብሎ እያንሸራተቱ) የተነዳ መኪና ከኋላው ይታወቃል። ፓራፋንጎው ውስጥ የተረጨ የጎማ ቅሪት፣ የተሰነጠቀ የኋላ ፓራውልት፣ ከፊቶቹ ጋር የማይመሳሰሉ ርካሽ የኋላ ጎማዎች፣ የእጅ ፍሬኑ አጠገብ የተበሳ ቀዳዳ። በእርግጥ መኪናው ለዚህ ይስማማል፣ ግን ሌላ ሰው የተጫወተበትን እናንተ አትክፈሉ።

ወጪውን በተመለከተ፣ ሞተሩ አየርና ነዳጁን 12.5 ለ 1 ስለሚያምቅ ፕሪሚየም ነዳጅ ብቻ ነው የሚፈልገው። ማንዋሉ በይፋ 22 ማይል በጋሎን በከተማ፣ 30 በአውራ ጎዳና ይሄዳል፣ በአጠቃቀምም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ዘይቱ 0ደብሊው-20፣ ከፊልትሮው ጋር 5.4 ሊትር ነው፤ ማርሽ አስረዝሞ የሚነዳ ሰው በየሁለት ሙሌቱ ዲፕስቲኩን ይይ። ካንዴላ በ60 ሺህ ማይል ይቀየራል። ሞተሩ የተኛ ስለሆነ ካንዴላዎቹ ከሻንሲው ጎን ተደብቀዋል፣ አንዳንድ ጋራዥ የሞተር መቀመጫውን ፈትቶ በክሪክ ከፍ ማድረግ ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ 65 ሺህ ማይል ያለው መኪና ካንዴላው ያልተቀየረ ከሆነ ሻጩ ያቆየላችሁ ወጪ ነው። ጎማው 215/45 በ17 ነው። በበረዶ ቀን በበጋ ጎማ አትሞክሩት፣ አራት የበረዶ ጎማ ከተገጠመለት ግን ከሚገመተው በላይ ይሄዳል።

የኋላ ወንበር አለው ማለት ይከብዳል፤ ከጎልማሳ ሹፌር ጀርባ እግር ማስገቢያ የለም። ወንበሩ ሲታጠፍ ግን አራት ጎማ ከነ ቸርኬው ይገባል፣ የጤፉ ከረጢት ቦታ አያጣም። አገር ቤት እልከዋለሁ የሚል ካለ ያስብበት፤ መንግሥት ከ2024 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል።

አሁን ባለው ገበያ የእኔ ምርጫ 2015 ወይም 2016 ነው፤ ከቫልቭ ሞላው ሪኮል ውጭ ነው፣ የ2017ንም ዋጋ አያስከፍልም። 2013 የሚገዛ ሰው የዋጋ ልዩነቱን በኪሱ ይያዘው፣ ለፍሪሲዮን ይጠቅመዋል። የተጨመሩ ዕቃዎችን ሻጩ ቢቆጥርላችሁ አትቁጠሩለት፤ የሦስት ሺህ ዶላር አሞርዛተር በሁለተኛ ባለቤት እጅ ሦስት ሺህ አይወጣም። ይልቅ ኦሪጅናሉ ማርሚታ፣ ካታላይዘርና የእግሩ ሞላ የት እንዳለ ጠይቁ። ጋራዡ ውስጥ ካለ ሽያጩ ውስጥ ይግባ፤ ሸጦታል ከተባለ ያን ሁሉ አዲስ የመግዣው ዋጋ ከሚጠይቀው ዋጋ ላይ ይቀነስ።