ሆንዳ አፍሪካ ትዊን በጎንደር፦ ቆማ ስለምትወድቅ ከባድ ሞተር

ስለዚች ሞተር የሚወራው ብዙው ነገር ስለ ጉልበቷና ስለ ረጅም መንገድ ነው። እውነት ነው፣ ይገባታል። ጎንደር ላይ በጋውንም ክረምቱንም ነድቻት የተረዳሁት ግን ሌላ ነው። አፍሪካ ትዊን ስትሄድ አታስቸግርም። የምታስቸግረው ስትቆም ነው። የምትወድቀውም ቆማ፣ ወይም በሰው እርምጃ ፍጥነት ስትታጠፍ ነው። ልትገዙ የምታስቡ ካላችሁ፣ ሻጭ ስለማይነግራችሁ ስለዚሁ ነው በሰፊው የምጽፈው።

የእኔዋ ሲአርኤፍ 1000 ኤል፣ የ2016 ሞዴል ናት። ማርሿ በእግር የሚቀየር፣ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍና እንዳይንሸራተት የሚያደርግ) ያላት። ያገለገለች ነው የገዛሁት። 998 ሲሲ፣ ሁለት ሲሊንደር፣ 95 የፈረስ ጉልበት። የፊት ጎማዋ 21 ኢንች፣ የኋላው 18 ነው። የነዳጅ ታንኳ 18.8 ሊትር ይይዛል። መቀመጫው ሁለት ቦታ ይገጠማል፣ 850 ወይም 870 ሚሊ ሜትር ላይ። ነዳጅና ዘይት ሞልታ 232 ኪሎ ትመዝናለች። እኔ ቁመቴ 1 ሜትር ከ70 ነው፣ ስለዚህ መቀመጫውን ዝቅተኛው ላይ አድርጌው እንኳ ሁለቱም ተረከዜ አንድ ላይ መሬት አይነካም።

232 ኪሎ ወረቀት ላይ ቁጥር ነው። ከሁለት ኩንታል ጤፍ በላይ በሁለት እግራችሁ መሃል ይዛችሁ ቁልቁለት ላይ ቁሙ ቢሏችሁ ግን ነገሩ ይገባችኋል። ከተማችን ውስጥ የምናያቸው ትንንሽ ሞተሮች የዚህ ግማሽ ገደማ ናቸው። እነሱ ሲያዘነብሉ በእጅ ትይዟቸዋላችሁ። ይቺን አትይዟትም።

ለምን ቆማ እንደምትወድቅ ማወቅ ይጠቅማል። ሞተር ስትንቀሳቀስ ሚዛኗን የምትጠብቀው ራሷ ናት። ወደ ግራ ስታዘነብል የፊት ጎማዋ ወደ ግራ ይዞራል፣ ከስሯ ይገባና መልሶ ያቆማታል። ፍጥነቷ ሲያልቅ ይሄ ነገር አብሮ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያላችሁ እግራችሁ ብቻ ነው። ትንሽ እስካዘነበለች ድረስ አንድ እግር ይበቃታል። የተወሰነ ቦታ ካለፈች ግን ጉልበተኛም ሆነ ደካማ ለውጥ የለውም፣ ትሄዳለች። ደግሞ በዝግታ ነው የምትሄደው፣ እያያችኋት። ንዴቱም እዚያ ላይ ነው።

ጎንደር ደግሞ ሜዳ ከተማ አይደለችም። ከፒያሳ ወደየትም ብትሄዱ ወይ ዳገት ወይ ቁልቁለት ነው። ወደ ጎሃ የሚወጣውን ጠመዝማዛ፣ ወደ ቁስቋም የሚወስደውን፣ በየሰፈሩ ያለውን ኮብልስቶን አስቡት። መንገዱ ወደ ጎን ያዘነበለ ከሆነ፣ ቆማችሁ ዝቅ ባለው በኩል እግር ስትዘረጉ መሬቱ እናንተ የጠበቃችሁት ቦታ ላይ የለም። አምስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ማለቱ ይበቃል። የመጀመሪያው መውደቅ የመጣው እንደዚህ ነው። ከፊት የነበረ ባጃጅ ሰው ሊጭን ድንገት ቆመ፣ እኔም ቆምኩ፣ ቀኝ እግሬ የወረደበት ቦታ ላይ ኮብልስቶኑ ተነቅሎ ጉድጓድ ሆኗል። አለቀ። የፍጥነት መለኪያው ዜሮ ነበር።

ሌላው ዋና ምክንያት የፊት ፍሬን ነው። መሪው ዞሮ እያለ በእርምጃ ፍጥነት የፊት ፍሬን ከተያዘ፣ ክብደቷ ሁሉ ወደዞረበት በኩል ይወድቃል። ኤቢኤስ እዚህ ላይ ምንም አያደርግም፣ ጎማው አልተንሸራተተማ። ስለዚህ ጠባብ ቦታ ላይ ስዞር የቀኝ እጄ ጣቶች ከፍሬኑ ላይ ይነሳሉ። በኋላ ፍሬን ብቻ፣ ፍሪሲዮኑን ግማሽ ላይ ይዤ፣ ነዳጅ ሳልቆርጥ ነው የምዞረው። ዓይን ደግሞ ጎማው ስር ሳይሆን መሄድ የምትፈልጉበት ላይ።

ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው። ከተማችን ከባህር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ኢንጂን ወደ 10 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል ይባላል፣ ስለዚህ እዚህ 95ቱ የፈረስ ጉልበት 95 አይደለም። መንገድ ላይ አይታወቅም፣ ይተርፋታል። ጠዋት ኢንጂኑ ሳይሞቅ፣ ዳገት ላይ፣ መሪ ዞሮ ፍሪሲዮን ስትለቁ ግን ይታወቃል። ትጠፋለች። መታጠፊያ መሃል ላይ ከጠፋች ደግሞ ሚዛን የሚባል ነገር የለም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፣ ከለመዳችሁት ትንሽ ከፍ ያለ ነዳጅ ሰጥቶ መነሳት።

አሁን ስለ ቤንዚን ሰልፍ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ለእኔ ከሁሉም የከፋው ቦታ እሱ ነው። ሰልፉ ሲረዝም ማንም ኢንጂን አስነስቶ አይቆይም። ፎሌ አድርጎ፣ ወርዶ፣ በእጅ እየገፋ ነው የሚጠጋው። ትንንሾቹ ሞተሮች በአንድ እጅ ይገፋሉ። እኔ ግን በግራ በኩል ቆሜ፣ ሞተሯን ወደ ራሴ በትንሹ አዘንብዬ፣ ዳሌዬን አስደግፌ ነው። ወደ እናንተ ካዘነበለች ሰውነታችሁ ይሸከማታል። ወደ ወዲያ ካዘነበለች ግን በእጅ ስባችሁ አትመልሷትም፣ ብትሞክሩ እናንተንም ይዛችሁ ነው ከጎን የቆመው ሰው ሞተር ላይ የምትወድቀው። ጣት ፍሬኑ ላይ፣ ግን መሪው ቀጥ ሲል ብቻ። ቦታው በዘይት የረጠበ ሲሚንቶ ከሆነ ጫማ ራሱ ይከዳል። ይሄ ሁሉ አልፎ ታንኩ ሲሞላ ደግሞ ከላይ 14 ኪሎ ገደማ ቤንዚን ተጨመረ ማለት ነው። ከማደያው ስትወጡ የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ሞተሯ ሌላ ትሆንባችኋለች። እኔ አሁን ቦታ ካለ ሰልፉ ላይ ተቀምጬ ነው የምጠብቀው፣ ከፊቴ ሁለት ሦስት ሰው ወደፊት እስኪጠጋ እቆይና ኢንጂን አስነስቼ አንዴ እጠጋለሁ። ከኋላ የሚጮህ አይጠፋም። ይጩህ።

ስትወድቅ ምን ይጎዳል? ከሁሉ በፊት እግራችሁ። መሄዷ ከታወቀ ልቀቋት፣ እግራችሁን አውጡና ራቁ። ለመያዝ የታገለ ሰው ወይ ወገቡን ወይ ቁርጭምጭሚቱን ነው የሚያጣው። የጎን ሳጥን የጫናችሁ ከሆነ ደግሞ እግር ሳጥኑ ስር እንዳይገባ። ሳጥን ጭኜ ስሄድ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ቡት ሳላደርግ አልወጣም፣ ፒያሳ ድረስም ቢሆን።

ከሞተሯ በኩል ሁሉም ሰው ሊያውቀው የሚገባው ራዲያተሩ ነው። የዚች ሞተር ራዲያተር ሁለት ነው፣ በግራና በቀኝ ከፕላስቲኩ ጀርባ። ስለዚህ በየትኛውም ጎን ብትወድቅ ራዲያተር አለ። መከላከያ ብረት የሌላት አፍሪካ ትዊን እዚህ አገር መንዳት አልመክርም፣ የተጎዳ ራዲያተር እዚህ ቶሎ የሚተካ አይደለም። የእኔ ብረት ከውጭ በዘመድ የመጣ ነው፣ ታችኛውም ላይኛውም ክፍል ያለው፣ ኢንጂኑን ከሻሲው በሚይዙት ብሎኖች ላይ የሚታሰር። ቀለሙ ተልጧል፣ አንድ ቦታ ትንሽ ጎብጧል። ራዲያተሮቹ ግን ዛሬም እንደነበሩ ናቸው። ገንዘቡን አስመልሷል ብዬ አምናለሁ። ከወደቀች በኋላ ብሎኖቹን መፈተሽ ግን አይረሳ፣ ይላላሉ።

የእጅ መከላከያው ከፋብሪካ ሲመጣ ፕላስቲክ ነው። ለንፋስና ለቅጠል ጥሩ ነው፣ ለመውደቅ ግን አይሆንም። ውስጡ ብረት ያለው ቀይሬበታለሁ። የፍሪሲዮንና የፍሬን እጀታዎቹን የሚያስሩትን ብሎኖች ደግሞ እስከ መጨረሻው አላጠብቃቸውም። ለመንዳት የሚበቃ ያህል ይያዛሉ፣ ሲመቱ ግን ከመሰበር ይልቅ ይሽከረከራሉ። ይሄን ያሳየኝ አንድ የሰፈር መካኒክ ነው፣ እግዜር ይስጠው። ፍሬቻና ስፖኪዮ የሚሰበሩ ነገሮች ናቸው፣ ቀላል ናቸው፣ አልጨነቅባቸውም።

ስትወድቅ ኢንጂኑ ራሱ ይጠፋል፣ መውደቋን የሚያውቅ ሴንሰር አላት። ካነሳችኋት በኋላ ቁልፉን ዘግታችሁ መልሳችሁ ካልከፈታችሁ አትነሳም። ይሄን የማያውቅ ሰው ተበላሸች ብሎ ፒክአፕ ይጠራል።

ማንሳቱ ብልሃት አለው። በቀኝ ጎኗ ከወደቀች መጀመሪያ የጎን መቆሚያዋን አውጡ፣ ስትነሳ ወደ ግራ ብታልፍ እሱ ይቀበላታል። ማርሽ ውስጥ አስገቧት፣ እንዳትንከባለል። መሪውን ወደ ወደቀችበት ጎን እስከ መጨረሻ አዙሩት። ከዚያ ጀርባችሁን ሰጥታችሁ መቀመጫው ላይ ቂጣችሁን አስደግፉ፣ አንድ እጅ ታች ያለው የመሪ ጫፍ ላይ፣ ሌላው ከኋላ ያለው ብረት ላይ። ወገብ ቀጥ፣ ትንንሽ እርምጃ ወደ ኋላ። የሚሠራው ጭን ነው። ብቻዬን አንስቻታለሁ፣ ደረቅ መሬት ላይ።

ከተማ ውስጥ ግን ብቻውን የሚያነሳ የለም። ገና መሬት ሳትነካ "እኔን! እኔን!" የሚል ሰው ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። ሱቅ የተቀመጠው፣ ሊስትሮው፣ ከቤተ ክርስቲያን የምትመለስ እናት ሳይቀሩ ይደርሳሉ። ደስ ይላል፣ ይሄን የማልወድ አይደለሁም። ግን አንዱ ስፖኪዮ ይይዛል፣ አንዱ ፍሬቻ፣ አንዱ ደግሞ የጋለውን ጭስ ማውጫ። ስለዚህ ከመነካቷ በፊት ድምፅ ከፍ አድርጎ መናገር ነው፦ "ወንድሞቼ ቆይ! አንተ እዚህ ጋ ያዝ፣ ያንን እንዳትነካው ይፈጃል።" በግራ ጎኗ ወድቃ ከሆነ ደግሞ አንድ ሰው በወዲያኛው በኩል ቆሞ እንዲቀበል አድርጉ። አምስት ሰው በወኔ ያነሳት ሞተር በወዲያ በኩል ስትወድቅ አይቻለሁ፣ የጓደኛዬ ነበረች፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሁለቱም ጎኗ ተላጠ።

አቋቋሟም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ቁልቁለት ላይ አፍንጫዋን ወደ ታች አድርጋችሁ ካቆማችኋት ወደፊት ተንከባልላ መቆሚያው ይታጠፋል። ሁልጊዜ አፍንጫዋ ወደ ዳገቱ፣ አንደኛ ማርሽ ውስጥ። ክረምት ላይ ደግሞ ጠፍጣፋ ነገር ከመቆሚያው ስር። እኔ የሳህን ያህል ስፋት ያለው ላሜራ ብየዳ ቤት አስቆርጬ ሳጥን ውስጥ አለ። ማታ ስታቆሙ ጠንካራ የመሰለ መሬት ዝናብ ካደረ በኋላ ጠዋት ሌላ ነው።

ጭቃ ካነሳን የደምቢያው ዋልካ አለ። በአዘዞ አድርጋችሁ ወደ ቆላ ድባና ጎርጎራ ስትሄዱ፣ ከዋናው መንገድ ወጥታችሁ ወደ ገበሬ ማሳ ከገባችሁ በክረምት ያ ጥቁር አፈር የፊት ጎማውና ጭቃ መከላከያው መሃል ይሞላና ጎማው መዞር ያቆማል። ከዚያ መውደቅ ነው፣ ሌላ አማራጭ የለም። ዋልካ ላይ ደግሞ ብቻውን ማንሳት አይሞከርም፣ እግር ይንሸራተታል። ክረምት ላይ እዚያ አልገባም፣ በቃ። ለዚያ ሥራ ትንሿን ሞተር ተዋሱ።

ወደ ሰሜን ግን፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን፣ ይቺ ሞተር ቦታዋ ነው። ኮሶዬ፣ አምባ ጊዮርጊስ፣ ዳባት፣ ደባርቅ። 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሳይደክማችሁ ትደርሳላችሁ። ንፋሱ አይገፋትም፣ ጭነት አይከብዳትም። ከደባርቅ ወዲያ ሊማሊሞን ስትወርዱ 21 ኢንቹ የፊት ጎማ ድንጋዩን ሲያልፍ ያ ሁሉ ክብደት የት እንደገባ አይታወቅም። ጎማዎቿ የውስጥ ጎማ ያላቸው ናቸው፣ ስለዚህ ማንኛውም ጎሚስታ ይጠግናቸዋል፣ ይሄ ለእኛ አገር ትልቅ ነገር ነው። ገደሉን ለማየት ዳር ላይ ስትቆሙ ግን ደግሞ ያው ነው፦ እግር ከመውረዱ በፊት የት እንደሚያርፍ እዩ፣ ገደሉ ካለበት በኩል አትውረዱ።

ሥራችሁ ፒያሳና ማራኪ መመላለስ ብቻ ከሆነ አትግዟት። ገንዘባችሁንም ጉልበታችሁንም ትበላለች። ከከተማ የምትወጡ ከሆነ፣ መከላከያ ብረቱን ከሞተሯ ዋጋ ጋር ደምራችሁ ግዟት፣ አንድ ትርፍ የፍሪሲዮን እጀታም ጨምሩ። እኔ አልሸጣትም። የቀረኝ ሥራ መቀመጫው ነው። የመኪና ወንበር የሚሰፋ ባለሙያ ጋ ወስጄ ስፖንጁን ከፊት በኩል ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር አስቆርጣለሁ። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ይለቃል ብሎኛል።