የመርሴዲሷን የኩሩስኮቶ እንጨት ቱ ኬ ክሊር ከቀባሁት 10 ወር ሞላው

ጥቅምት ላይ ነው የቀባሁት፣ አሁን ነሐሴ ነው፣ በጋውንም ክረምቱንም ስላየ አሁን አፌን ሞልቼ ማውራት እችላለሁ። ዕቃው የመኪና ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት ከሃርድነር (ማጠንከሪያው) ጋር ተቀላቅሎ የሚነፋው፣ ቱ ኬ ክሊር የሚባለው ቀለም የሌለው ቫርኒሽ ነው፣ መኪናዋ ደግሞ የአባቴ ደብሊው 123 መርሴዲስ፣ 280ኢ፣ በፈረንጆቹ 1983 የተሠራች። እንጨቱ ዜብራኖ ይባላል፣ ጠቆር ያለ መስመር በመስመር የሆነው፣ ዛፉ የሚበቅለው ካሜሩንና ጋቦን አካባቢ ነው። ከአፍሪካ ጀርመን ሄዶ ተመልሶ ደብረ ማርቆስ መጣ ማለት ነው፣ ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ይበልጥ እሳሳለታለሁ።

የድሮው ላኬር ፀሐይ በልቶት ቢጫ ሆኖ ተሰነጣጥቆ ነበር። አባቴ «ተወው፣ ፎርማይካ እናስለጥፍበት» ሲለኝ እሺ አላልኩም። በካቻቢቴ ፈትቼ አወጣሁትና በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ እያደረግኩ በምላጭ ስገፋው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተቀረፈ መጣ፣ ከሥሩ ያለው እንጨት ግን ጤነኛ ነው፣ መስመሩ እንዳለ ቁልጭ ብሎ ወጣ! የብርጭቆ ወረቀት ላይ በጣም ተጠንቀቁ፣ ቬኒሩ፣ ማለትም ላይ ላዩን የተለጠፈው ስስ እንጨት፣ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳን አይሞላም፣ ማሽን ካስነካችሁት አለቀ። እኔ በእጄ መጀመሪያ 240 ቁጥር ከዛ 400፣ ያውም መስመሩን ተከትዬ ብቻ።

ክሊሩ 2 እጅ፣ ሃርድነሩ 1 እጅ፣ 5 ዙር። መጀመሪያ የሸጡልኝ ሃርድነር ከትልቅ ቆርቆሮ በፕላስቲክ ጠርሙስ የተቀነሰ ነበርና ቀብቼው በ3 ቀኑም እጅ ላይ ይጣበቃል፣ ሁሉንም ልጬ ከዜሮ ጀመርኩ፣ ያን ማታ ከንዴቴ እራት አልበላሁም። ሃርድነር አንዴ ከተከፈተ የአየሩን እርጥበት እየሳበ ይበላሻል፣ ስለዚህ ትንሽም ብትሆን የታሸገችውን ግዙ። ደግሞ ውስጡ አይሶሳይኔት አለ፣ ሳንባ ይጎዳል፣ የጨርቅ ማስክ ምንም አያደርግላችሁም፣ ትክክለኛው ማስክ ከሌላችሁ ማስነፋቱን ለቀለም ቤት ስጡት።

ጥንካሬው ላይ ቅሬታ የለኝም። ሚያዝያ ላይ ከደጀን አባይ በረሃ ወርደን ጎሐ ጽዮን እስክንወጣ ሙቀቱ ሌላ ነበር፣ ስንደርስ በጣቴ ተጫንኩት፣ አልለሰለሰም። ባሕር ዳር ለሠርግ ሄደን 2 ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆመች፣ ቢጫም አልሆነ አልተሰነጠቀም። አክስቴ ከፔርሙዝ ትኩስ ሻይ ደፍታበት በጨርቅ ጠረግኩት፣ ምልክት እንኳን የለውም። የማልወደው ነጸብራቁን ነው፣ ከሰዓት ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ዓይን ይወጋል፣ ድጋሚ ብሠራው በ2000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በውሃ ፈትጌ ፖሊሽ ሳላደርግ እተወዋለሁ።

የከነከነኝ ግን ሐምሌ ላይ የመጣው ነው። የሲጋራ መተርኮሻው ቀዳዳ ጠርዝ ላይ ክሊሩ ሥር ነጭ ጉም የመሰለ ነገር ታየኝ፣ በጥፍሬ ስነካው ቬኒሩ ብድግ ብሏል። ሰፈራችን አንድ አናጢ አሉ፣ አያ ነው የምንላቸው፣ ወስጄ አሳየኋቸው። ገልበጥ አድርገው አዩትና «አንተ ልጅ፣ ፊቱን እንዲህ አሳምረህ ጠርዙን ባዶውን ትተኸው፣ ውሃው በየት የሚገባ መሰለህ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ 5 ዙር ስነፋ ሁሌም ከፊት ለፊት ነበር፣ የቀዳዳዎቹ ውስጥ ጠርዝ አልደረሰውም። በደንብ እስኪደርቅ አቆይተን ኮላ በመርፌ አስገብተው በሞርሳ አሰሩልኝ፣ በማግስቱ ፈታሁትና በትንሽ ብሩሽ የሁሉንም ቀዳዳ ጠርዝ ዙሪያውን 3 ጊዜ ቀባሁት። ይኸው 3 ሳምንት ሆነው፣ ዝናቡም አላባራ፣ ጠዋት ጠዋት መኪናዋን ሳስነሳ በጥፍሬ እሞክረዋለሁ፣ እስካሁን አልተነሳም።