የእናቴን ድምፅ ላስቀረልኝ ሳውንድ ኢንጂነር

ዛሬ አንድ ሰው ላመሰግን ነው። ስሜን በአደባባይ አታንሺ ብሎ ስለለመነኝ ሳውንድ ኢንጂነሩ እያልኩ እቀጥላለሁ።

እናቴ ዕድሜዋ እየገፋ ነው። የልጅነት ታሪኳን በራሷ አንደበት ማስቀረት ፈለግን። መጀመሪያ እኔው በስልክ ቀዳኋት። ከዚያ ጫጫታውን እንዲያጸዱልኝ አንድ ቦታ ሰጠሁ። ጫጫታው በእርግጥ ጠፋ፤ ግን እናቴም አብራ ጠፋች። ድምጿ ከውሃ ውስጥ የሚመጣ ይመስል ነበር። አለቀስኩ።

ይህን ባለሙያ የጠቆመችኝ ጓደኛዬ ናት። እናቴ ደረጃ መውጣት ስለማትችል ዕቃውን ተሸክሞ ቤት ድረስ መጣ። ማይኩን ያወጣል ብዬ ስጠብቅ ክፍሉ መሃል ቆሞ አንዴ አጨበጨበ። ጥግ ሄዶ ደገመው። ለካ ባዶው ግድግዳ ድምፅ እንዴት እንደሚመልስ እያዳመጠ ነው። ወንበሯን ከግድግዳው አራቀ፣ ከጀርባዋና ከጎኗ ወፍራም ብርድ ልብስ ሰቀለ። ፍሪጁን አስነቀለኝ። የግድግዳ ሰዓቱን ባትሪ አወጣ። በመጨረሻ እጇን አየና "እማማ፣ አምባሩን ለጊዜው ቢያወልቁልኝ?" አላት።

ማይኩን ከአፏ አንድ ስንዝር ያህል አርቆ፣ ትንሽ ወደ ጎን አድርጎ ተከለው። ለምን አልኩት። እንዲህ ያለው ማይክ በጣም ሲጠጋ ድምፁን ያለ ልኩ ያጎረንነዋል፤ ፊት ለፊት ከሆነ ደግሞ "ፐ" እና "በ" ሲባል የሚወጣው ትንፋሽ በቀጥታ ይመታዋል አለኝ።

በ24 ቢትና በ48 ኪሎኸርዝ ነው የቀዳው፤ ድምፁ በምን ያህል ዝርዝር እንደሚመዘገብ የሚወስኑ ልኮች ናቸው። የድምፁን መጠን ከጣሪያው፣ ማለትም ከ0 ዴሲቤል፣ በ12 ያህል ዝቅ አድርጎ ሲያስተካክል "ትንሽ ጨምረው" ልለው ዳድቶኝ ነበር። እንኳን ዝም አልኩ! ወሬው መሃል እናቴ ድንገት ከት ብላ ሳቀች፤ ሳቋም ሳይሰነጠቅ ሙሉውን ገባ። በዲጂታል ቀረጻ 0ን ያለፈ ድምፅ ጫፉ ይቆረጣል፤ የተቆረጠው ደግሞ እንደነበረ አይመለስም።

ስንጨርስ አንድ ደቂቃ ማንም እንዳይነቃነቅ ጠየቀን። የክፍሉን ዝምታ ሊቀዳ ነው። ኤዲት ሲያደርግ ክፍተት የተፈጠረበት ቦታ ላይ እሱን ያስገባበታል፤ ጭልጥ ያለ ባዶነት ጆሮ ላይ ወዲያው ይታወቃል።

ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ጉርምርምታ ቀነሰ፣ የ"ሰ" እና የ"ሸ"ን ፉጨት አለዘበ። ያን ያህል ነው የነካካው። እናቴ አያቴ ስላረፈችበት ቀን ስታወራ ረጅም ትንፋሽ ወስዳ ዝም ትላለች። ቆርጦት ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር። እንዳለ አለ። ስጠይቀው "እሱን ካወጣሁትማ ምን ቀረ?" አለኝ። ያቺን ቦታ ስንት ጊዜ እንደሰማኋት!

ያልተነካውን ቅጂም ለብቻ ሰጥቶኛል፣ "ሁለት ቦታ አስቀምጪው" ከሚል አደራ ጋር።

ለፖድካስት፣ ለትረካ ወይም የወላጆቻችሁን ድምፅ ለማስቀረት ሰው የምትፈልጉ ካላችሁ እሱን ያዙ። ግን ቀድማችሁ ቀጠሮ አስይዙ፣ ሰፋ ያለ ጊዜም ስጡት፤ ማጣደፍ አይወድም። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄው ስልኩን እልክላችኋለሁ።

ወንድሜ፣ እናቴ ቅጂውን በሰማች ቁጥር ትመርቅሃለች። ዕድሜና ጤና ይስጥህ።