መርካቶ ያስቆረጥነው የቦይለር ማንሆል ጋስኬት

ለፋብሪካችን ቦይለር (ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያመነጭ ማሽን) የማንሆል ጋስኬት፣ ማለትም ሰው በሚገባበት ቀዳዳና በክዳኑ መሃል ገብቶ እንፋሎት እንዳያመልጥ የሚያሽግ ቁራጭ፣ መርካቶ ካለ አንድ ሱቅ አስቆርጠን ገጠምን። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፣ ዋጋቸውም አይጎዳም። ሞላላውን ቅርጽ ከድሮው ጋስኬት ሳይሆን ከራሱ ከክዳኑ ላይ ለክተው ማውጣታቸውን በጣም ወድጄላቸዋለሁ፤ ያረጀ ጋስኬት ተጨፍልቆ ስለሚሰፋ ትክክለኛ ልኩን አይሰጥም።

ቅር ያለኝ ስፋቱ ላይ ነው። መጀመሪያ የሰጡን ጠባብ ነበር፤ «ይበቃል፣ ሁሉም ይሄንኑ ነው የሚወስደው» አሉን። አይበቃም! በአሜሪካው የመካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር (አስሜ፣ ASME) የቦይለር ደንብ መሠረት የማንሆል ጋስኬት የሚያርፍበት ገጽ ስፋቱ ቢያንስ 11/16 ኢንች፣ ማለትም 17 ሚሊሜትር ገደማ መሆን አለበት። የቦይለር ከሆነ ደግሞ ጋስኬቱ ከተጨመቀ በኋላ ውፍረቱ ከ1/4 ኢንች መብለጥ የለበትም። ጠባብ ሲሆን ክዳኑ ትንሽ ከተዛነፈ አንዱ ጎን ከማረፊያው ይወጣል፣ እንፋሎቱ በዚያ በኩል ጋስኬቱን እየበላው ይሄዳል፣ አጠገቡ የሚሠራ ሰው ሊቃጠል ይችላል።

ስንነግራቸው ያለ ክርክርና ያለ ተጨማሪ ክፍያ ደግመው ቆረጡልን፣ ይሄ ያስመሰግናቸዋል። ስትሄዱ ግን የማረፊያውን ስፋት በካሊፐር ለክታችሁ፣ የእንፋሎቱን ግፊትና ሙቀትም ጽፋችሁ ያዙ፤ እነሱ አይጠይቁም።