ሲጠፋ ዝም፣ ሲነሳም ዝም፦ የመኪና ፍሪጃችን ከስምንት ወር በኋላ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ጓደኛዬ ደውላ "ያንን የመኪና ፍሪጃችሁን ለጉዞ አውሺኝ" አለችኝ። እሺ ከማለቴ በፊት ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስለ ፍሪጁ አወራሁላት። ስልኩን ስዘጋ እንደ አዲስ ተናድጄ ነበር። ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ይጠቅማችኋል ብዬ ሁሉንም ልጻፈው።

ዕቃው 40 ሊትር የሚይዝ፣ ኮምፕሬሰር ያለው፣ በመኪና 12 ቮልት ሶኬት የሚሰራ ፍሪጅ ነው። ነሐሴ ላይ በ270 ዶላር ገዛነው። የገዛነው ለጥቅምት ጉዞ ነበር። እኔና ባለቤቴ ከሎስ አንጀለስ ተነስተን በባሕሩ ዳር ወደ ሞሮ ቤይ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ታጥፈን እስከ ዴዝ ቫሊ በረሃ ልንሄድ አስበን ነበር። ጊዜው ደግሞ ጽጌ ጾም ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ጾም የፈቃድ ቢሆንም እኔ ትቼው አላውቅም። መንገድ ላይ ለጾመኛ የሚገኘው ድንች ጥብስና ሰላጣ ነው፤ አምስት ቀን በዚያ አይዘለቅም። ስለዚህ ሁለት ቀን ምድጃ ፊት ቆሜ ምስር ወጥ፣ ሽሮና ጎመን ሰራሁ። እንጀራውን ፌርፋክስ ጎዳና ካለው ሊትል ኢትዮጵያ ገዛን። ሁሉም በየዕቃው ታሽጎ ፍሪጁ ውስጥ ገባ።

ሻጩ "ሰክታችሁ እርሱት" ነበር ያለን። ይቺን ቃል ያዙልኝ።

ባሕሩ ዳር ላይ ፍሪጁ ልክ እንደተባለው ሆነ። ሞሮ ቤይ ከ170 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ትልቅ አለት ባሕሩ አፍ ላይ ብቻውን ቆሟል፤ ጠዋት ግማሹ በጉም ተሸፍኖ አየነው። የዚያ ጠረፍ ውሃ ቀዝቃዛ ስለሆነ ማታ ማታ ጃኬት ለብሰን ነበር የምንቀመጠው። ኮምፕሬሰሩ አንዴ ጉር ይልና ወዲያው ያርፋል። 3 ዲግሪ ላይ አድርገነው ሁለት ሌሊት ንቅንቅ አላለም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አሸዋው ላይ ቁጭ ብለን ምስሩን በእንጀራ ስንበላ "ከገዛነው ዕቃ ሁሉ ምርጡ ይሄ ነው" አልኩት ባለቤቴን። ከልቤ ነበር። በዚያ ብርድ ግን ፍሪጁ ገና አልተፈተነም ነበር፤ ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው።

በሦስተኛው ቀን በቤከርስፊልድና በሪጅክረስት አድርገን፣ 1,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ያለውን የታውን ፓስ ዳገት ተሻግረን በረሃው ውስጥ ወረድን። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ፈርነስ ክሪክ ደረስን። ይህ ቦታ በፈረንጆች 1913 ዓ.ም. 56.7 ዲግሪ ሙቀት የተመዘገበበት ነው። ያን ቀን ያን ያህል ባይሆንም የመኪናው በር እጅ ያቃጥል ነበር። በላን፣ ፍሪጁን ዘጋን፣ መኪናውን ቆልፈን በእግር ሄድን። ሞተር ቢጠፋም የኋላው ሶኬት ይሰራል፤ ያንን ቀድመን ሞክረናል። ማታ ሳየው የፍሪጁ መብራት ጠፍቷል። ሁሌም ትንሽ ቆይቶ ስለሚደበዝዝ ምንም አልመሰለኝም። ከዋክብቱን ስናይ አምሽተን ተኛን።

ጠዋት ሞተር አስነስተን ወደ ባድዋተር ነዳን። ከባሕር ወለል 86 ሜትር ዝቅ ያለ፣ የሰሜን አሜሪካ ዝቅተኛው ቦታ ነው። ጨው ላይ ነው የሚኬደው፣ እግር ስር ይንኮሻኮሻል። እኛ አገር ዳሎል አካባቢ ያለው የጨው ሜዳ ከዚህም ዝቅ እንደሚልና አሞሌ ከዚያ እየተቆረጠ በግመል እንደሚወጣ ለባለቤቴ እያወራሁለት ነበር። ከዚያ ዳንቴስ ቪው የሚባለው ከፍታ ላይ ወጥተን ወረድን። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ፍሪጁን አየሁት፤ 5 ዲግሪ ይላል። ደህና ነው ማለት ነው።

የምስሩን ዕቃ ሳወጣው ክዳኑ ወደ ላይ ጉብ ብሏል። ጠርዙን በጥፍሬ ሳነሳው እስ ብሎ ተነፈሰ። ላዩ ላይ ነጭ አረፋ ጢም ብሎ ሽታው አፍንጫዬን መታው። ሽሮውም ኮምጥጧል። ዕቃዎቹ ግን በእጄ ስይዛቸው ቀዝቃዛ ናቸው! ያንን ልረሳው አልቻልኩም። ፍሪጁ ከሰዓት በኋላ ጠፍቶ፣ ሌሊቱን ሙሉ በሞቀ መኪና ውስጥ ምግቡን አብላልቶ፣ ጠዋት ሞተር ሲነሳ እሱም ተነስቶ መልሶ አቀዝቅዞታል። ሲጠፋ ድምፅ የለም። ሲነሳም "ጠፍቼ ነበር" የሚል ምልክት የለም። ጎመኑ ደህና ይመስል ነበር፤ ግን ማን ይደፍራል? እሱንም ጣልነው። ሁለት ቀን የቆምኩበት ሥራ በላስቲክ ከረጢት ታስሮ ቆሻሻ ውስጥ ገባ። ያን ቀን ቆሎና ሙዝ በልተን ዋልን። ባለቤቴ ምንም አላለም፤ ከረጢቱን ብቻ ተቀብሎኝ ሄዶ ጣለው።

ቤት ስንመለስ ባለቤቴ መልቲሜትር (የቮልት መለኪያ) ተውሶ ለካው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ፍሪጁ የመኪናው ባትሪ እንዳይሞት የሚጠብቅ ሦስት ደረጃ አለው፣ ኤች፣ ኤም እና ኤል። ኤች ላይ ሲሆን (የኛ እዚያ ላይ ነበር) ቮልቱ ትንሽ እንደወረደ ራሱን ያጠፋል፤ ኤል ላይ ግን ባትሪው ብዙ እስኪወርድ ይቀጥላል። ችግሩ ቮልቱን የሚለካው ባትሪው ጋ ሳይሆን እሱ ራሱ ጋ መሆኑ ነው። ከባትሪው እስከ ኋላ ሶኬት ያለው ገመድ ቀጭን ነው። ባትሪው ላይ 12.4 ሲል፣ ኮምፕሬሰሩ ሲነሳ ፍሪጁ ጋ የሚደርሰው 11.2 ነው። ብርድ ላይ ኮምፕሬሰሩ ብዙ ስለማይሰራ አልታወቀም። በረሃ ላይ ሳያርፍ ሲሰራ ባትሪው ገና ደህና ሆኖ ሳለ "አልቋል" ብሎ ጠፋ።

ሻጩ አሁን ፊቴ ቢቆም "ማንዋሉ ላይ ተጽፏል እኮ" እንደሚለኝ አውቃለሁ። አዎ ወንድሜ፣ ተጽፏል። ግን አንተ "ሰክታችሁ እርሱት" ነው ያልከኝ። ደግሞ መጥፋቱን አልተቃወምኩም። በረሃ መሃል፣ ስልክ በማይሰራበት ቦታ ባትሪያችን ሞቶ ከምንቀር ወጡ ቢበላሽ ይሻለኛል። "ኤል ላይ አድርጉት" የሚሉኝንም የማልሰማቸው ለዚህ ነው። የኔ ጥያቄ ለምን አይጮህም ነው። ልብስ ማጠቢያው ሲጨርስ ይጮሃል፣ የመኪናው በር ክፍት ሲቀር ይጮሃል። ሰው የሚበላው ምግብ አደራ የተሰጠው ዕቃ ዝም ብሎ ጠፍቶ፣ ዝም ብሎ ተነስቶ፣ 5 ዲግሪ ብሎ ሊያሳየኝ አይገባም። ሽታው ባይነግረኝ ኖሮ በልተነው ነበር።

መለስነው? አልመለስነውም። ሜካኒክ ጋ ወስደን በ90 ዶላር ከባትሪው በቀጥታ ወፍራም ገመድ ከነፊውዙ አዘረጋን። ከዚያ ወዲህ ኤች ላይ ሆኖ አንድም ጊዜ ያለጊዜው አልጠፋም። ለገና ሥጋ ጭነንበታል፣ ሌላም ሌላም። ማቀዝቀዙን ያቀዘቅዛል፣ ድምፁም ትንሽ ነው። ይህን ሁሉ እያወቅኩም ለሰው "ግዙ" ማለት አልሆነልኝም። ከገዛችሁ ግን የደረሰበትን ከፍተኛ ሙቀት መዝግቦ የሚያቆይ ትንሽ ቴርሞሜትር ውስጡ አስቀምጡ። ርካሽ ነው። ፍሪጁ የደበቀውን እሱ ይናገራል።

ለጓደኛዬ እሰጣታለሁ ብያለሁ። ቴርሞሜትሩን ውስጡ አስቀምጬላታለሁ። ክዳኑ ላይ ደግሞ በትልቁ ጽፌ ለጠፍኩበት፦ "ወፍራሙ ገመድ ያለው የኛ መኪና ላይ ብቻ ነው። በናንተ ሶኬት ሞተር ሲጠፋ አትተማመኚበት። ከመብላታችሁ በፊት ቴርሞሜትሩን እዪ።"