ላዳክ ለምትሄዱ፦ ሞተር መከራየት ወይስ ጂፕ መጋራት?

ግንቦት በገባ ቁጥር ህንድ ከሚማሩ ልጆች ስለ ላዳክ፣ በሰሜን ህንድ ስላለው ተራራማ ግዛት፣ ያው ጥያቄ ይመጣልኛል። «ላዳክ ልንሄድ ነው። ሞተር እንከራይ ወይስ ጂፕ?» ሁለቱንም ሞክሬያለሁ። ለኑብራ ሸለቆና ለፓንጎንግ ሐይቅ ጂፕ ተጋሩ። ሞተር የምመክረው ለአንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱን ኋላ እመለስበታለሁ።

ገንዘቡን እንቁጠር። የላዳክ ትልቋ ከተማ ሌህ ላይ ሮያል ኢንፊልድ ሞተር የተከራየሁት በቀን 1,600 ሩፒ ነበር። የሦስት ቀን ጉዞ ነው ብዬ ገባሁ፤ በብልሽት ምክንያት አራት ሆነ። 6,400። ቤንዚን 1,900። ጋራዥ 1,400። ከ5,000 ማስያዣዬ ላይ ደግሞ 3,000 ተቆረጠብኝ። ድምሩ 12,700 ሩፒ።

በዓመቱ በጂፕ ሄድኩ። ሌህ ውስጥ ታሪፉን የሚያወጣው የታክሲዎቹ ማኅበር ስለሆነ ብዙ ክርክር የለም። ለሦስት ቀን 24,000 ተባልን፤ ስድስት ነበርን። ለሰው 4,000፣ ነዳጁም ሹፌሩም እዚያው ውስጥ። ስድስት ሰው ከየት ይመጣል ለምትሉ፣ ኤጀንሲዎቹ በር ላይ «ሁለት ሰው ጎሎናል» የሚል ወረቀት አይጠፋም። እኛ የውጭ ዜጎች ለኑብራና ለፓንጎንግ የሚያስፈልገውን የጉዞ ፈቃድ የምናወጣው በኤጀንሲ ስለሆነ መኪናውንም እዚያው ጠይቁ። የፈቃዱን ኮፒ በዛ አድርጋችሁ ያዙ፤ ኬላዎቹ አንድ አንድ ያስቀራሉ።

ያ 3,000 እንዴት እንደተቆረጠ ልንገራችሁ። ከሌህ ወደ ኑብራ የሚያሻግረው ካርዱንግ ላ ነው። «ላ» የተራራ ማለፊያ ማለት ነው። ከፍታው 5,359 ሜትር ነው፤ ከራስ ዳሽን 800 ሜትር ግድም ይበልጣል። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ ጉልበት ያጣል። በአንደኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን እየጨበጡ እየለቀቁ ነው የሚወጣው። ሳውዝ ፑሉ ኬላን አልፌ ጥቂት እንደሄድኩ እጀታው ጨበጥ ሳደርገው ባዶውን ተጣጠፈ። ካቦው ተበጥሷል። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል፣ ስልክ የለም። ከሌላ ክልል የተገዛ ቅድመ ክፍያ ሲም ላዳክ ውስጥ አይሠራም። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ሞተሩን ጭኖ ሌህ መለሰኝ። ገንዘብ ስሰጠው «ጁሌ» (የላዳክ ሰላምታ ነው) ብሎኝ እጄን መለሰው።

ጋራዡ ያለው ሽማግሌ መካኒክ የተበጠሰውንና ኦሪጅናሉን ካቦ ጎን ለጎን አስቀመጠልኝ። የእኔው ሽቦው ስስ ነው፤ ጫፉ ላይ ያለችው የእርሳስ ፍሬ ከነሥሯ ተነቅላለች። ፎርጅድ ነው። የፍሪሲዮን ሸራውም ተቃጥሏል። አከራዩ ግን «አንተ ነህ ያቃጠልከው» ብሎ ማስያዣዬን ቆረጠ። ፎርጅዱን ካቦ የገጠመው እሱ ሆኖ ሳለ! ዛሬም ያንገበግበኛል።

አንዳንዶች ከማናሊ ወይም ከዴልሂ ሞተር ተከራይተው መምጣት ይረክሳል ይላሉ። አይረክስም። ከላዳክ ውጭ በተከራዩት ሞተር ኑብራና ፓንጎንግ መሄድ አይፈቀድም፤ የሌህ አከራዮች መንገድ ላይ ያስቆማሉ። ሌህ ደርሳችሁ ሁለተኛ ኪራይ ልትከፍሉ ነው።

በጂፕ ዓይናችሁ መንገድ ላይ ሳይሆን አገሩ ላይ ነው። ኑብራ ውስጥ ዲስኪት ላይ 32 ሜትር የሚረዝመው የማይትሬያ (ወደፊት ይመጣል የሚባለው ቡድሃ) ሐውልት ወደ ሽዮክ ወንዝ እያየ ተቀምጧል። ሞተር የያዘ ሰው ጠመዝማዛውን ሲጠብቅ ያልፈዋል። ሹፌራችን ጸሎት የተቀረጸባቸው ድንጋዮች የተደረደሩበት ግንብ ጋ ሲደርስ በቀኙ አድርጎ ነበር የሚያልፈው። ለምን እንደሆነ ጠየቅነው፤ ቡድሂስቶች የተቀደሰ ነገር የሚዞሩት እንዲህ ነው አለን። እዚያው ኑብራ፣ ሁንደር ላይ ባለሁለት ሻኛ ግመሎች አሸዋው ላይ ሲሄዱ፣ ከኋላቸው በረዶ የለበሰ ተራራ ይታያል። እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

ሞተር የሚያዋጣው ለቲክሴ ገዳም ነው። ከሌህ 19 ኪሎ ሜትር፣ መንገዱ ሜዳ ነው። ለዚህ ስኩተር ይበቃል፤ እኔ 900 ከፍያለሁ። በማለዳ ውጡና የመነኮሳቱን የጠዋት ጸሎት ድረሱ። ቅቤ የገባበት ጨዋማ ሻይ ይዞ የሚዞር ትንሽ ልጅ ለእኔም ቀዳልኝ። ሁለት ፎቅ የሚያክለው የማይትሬያ ምስልም እዚያው ነው። በመልስ የድሮው ቤተ መንግሥት ያለበት ሼይ ላይ ቁሙ።

በየትኛውም ብትሄዱ፣ ሌህ በገባችሁ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የትም አትውጡ። ሌህ ራሷ 3,500 ሜትር ላይ ናት። «አዲስ አበባ ነው ያደግነው፣ ከፍታ ለምደናል» ያሉ ሁለት ጓደኞቼ በማግስቱ ሲያስታውኩ ውለዋል።

አይ፣ ሞተር ነው የምንፈልገው ካላችሁ ደግሞ ማስያዣ ከመስጠታችሁ በፊት ዙሪያውን በቪዲዮ ቅረጹ። ፍሪሲዮኑን ደጋግማችሁ ጨብጡ፤ ከሻከረ አትውሰዱ። ኦሪጅናል መለዋወጫ ካቦ አብሮ ካልተሰጣችሁም ሌላ ሱቅ ሂዱ።